የእቴቴ ራስ ምታትና የፋርሶቹ ጥያቄ

መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ንግሥቴ እባላለሁ፤ ቅመም ነጋዴ ነኝ። ከኮረሪማውና ከድንብላሉ ጎን ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦና ጥቁር አዝሙድ ከመደቤ አይጠፋም። ሰው ግንባሩን ይዞ ይመጣና «ንግሥቴ፣ ራሴን» ይለኛል፤ እኔም አንድ ቃል ሳልጠይቅ ቋጥሬ እሰጠዋለሁ። እኛ ዘንድ አዋቂ አይጠይቅም። ሼሁም አይጠይቁም፣ ደብተራውም አይጠይቅም፣ በቀንድ የሚዋግመው አስናቀውም አይጠይቅም። ሰው የሚጠይቀው ካላወቀ ነው። ይኼን አስቀድሜ የምናገረው የፈይዛ ጣጣ ያለዚያ ስለማይገባችሁ ነው።

ፈይዛ የጎረቤቴ የእቴቴ ልጅ ናት። ከእቴቴ ጋር አጥራችን አንድ ነው። እሷ እስላም ናት፣ እኔ ክርስቲያን፤ የምንለያየው በሥጋ ብቻ ነው፣ ሌላውን ሁሉ፣ ቆሎውንም ሐሜቱንም፣ አብረን እንበላለን። ልጆቿ ሦስት ናቸው። አብዱራህማን እዚሁ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ፈይዛና ታናሿ ኡምኩልሱም ኩዌት ሄደው ሰው ቤት ሠሩ። አምና ፈይዛ ተመለሰች፣ ኡምኩልሱም ቀረች።

ለአረፋ ኡምኩልሱም ደወለች። አሠሪዎቿ እንዳስቸገሯት፣ ቤት ልትቀይር እንደሆነ፣ ከገባች በኋላ እንደምትደውል ለእናቷ ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ ድምጿ ጠፋ። ስልኩ አይጠራም። ክረምቱ ገባ፣ መስከረም ጠባ፣ ስንዴው ታጨደ፣ እሷ የለችም። የመንግሥት ቢሮ ሄዶ «እኅቴ ጠፋች» ብሎ ማመልከት የነበረበት አብዱራህማን ነው፤ እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። «ጠፋች ብዬ ካስመዘገብኩ በማግሥቱ ሰው ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል» አለ። እውነቱን ነው፣ ይመጣል፤ ያገሬን ሰው አውቀዋለሁ። ደግሞም በእኛ አገር ለሕያው አይለቀስም። መርዶ ላልመጣበት ሰው እንባ ማፍሰስ ሟርት ነው፣ በቁሙ እንደ መቅበር ይቆጠራል። እናም እቴቴ አላለቀሰችም። የልጇንም ስም አላነሣችም። እኛም አላነሣንባትም።

በዚያው ክረምት ራሷን ያማት ጀመር። ከግራ ዓይኗ በላይ ይነሣና ግማሽ ጭንቅላቷን ይዞ እስከ ማጅራቷ ይወርዳል። ሲብስባት ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች፤ ብርሃን አትወድም፣ ዶሮ ሲጮህ ትረግማለች፣ ከዓይኗ እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። ምን ሆንሽ ሲሏት «ራሴን ነው» ትላለች። እኔ ዳማከሴዬን ጨምቄ አጠጣኋት። አስናቀው ማጅራቷን ዋገማት። ሼሁ ዱዓ አደረጉላት። ቄሳችንን ሳላስፈቅድ ጠበል በጄሪካን አምጥቼ በጎን በኩል አቀበልኳት፤ «ቢስሚላህ» ብላ ጠጣችው። ጤና ጣቢያም ሄደች፤ ደም ግፊቷን ለኩ፣ መረመሯት፣ መድኃኒት ሰጧት። ምንም ጠብ ያለ ነገር የለም። ከሲታ ሆነች፣ ከቤት መውጣት ተወች፣ በመጨረሻ ያ የምወደው ቀልዷ ሁሉ ጠፋ። እኔ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ እቴቴ ወደዚያው መንገድ እንደጀመረች ገባኝ።

አንድ የገበያ ቀን ፈይዛ መደቤ ፊት ቆመች።

«እትዬ ንግሥቴ፣ አቼቶ የት ይገኛል?»

«ለሰላጣ ነው?»

«ለእማ ራስ ነው።»

«ያንን ጭንቅላት በሰላጣ ልትሠሪው ነው እንግዲህ!»

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ተቀመጠችና የቢቢን ነገር አጫወተችኝ። ቢቢ ኩዌት ያሠራቻት አሮጊት ናት፤ ዘሯ ዓጀም ነው፣ ማለትም ፋርስ። አያቷ ከሺራዝ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሐኪም ነበሩ። አሮጊቷን ራሷን፣ ያውም እንደ እቴቴ ግማሹን፣ ስለሚያማት እስክትሞት ድረስ ፈይዛ ያስታመመቻት በዚሁ በአያቷ ሕክምና ነው።

«ፋርሶች ራስ ምታትን አንድ በሽታ አይሉትም» አለችኝ። «ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩት ሐኪሞቻቸው በየዓይነቱ ለያይተው ጽፈውታል። ከሙቀት የሚመጣ አለ፣ ከብርድ የሚመጣ አለ፤ ከደረቅ፣ ከእርጥብ፣ ከጨጓራ፣ ከረኀብ፣ ከፀሐይ፣ እንቅልፍ ከማጣት፣ ከሐዘንም። ግማሽ ራስ የሚይዘው የራሱ ስም አለው፣ ሸቂቃ ይሉታል። ለሙቀቱ የሚያበርድ፣ ለብርዱ የሚያሞቅ ይሰጣሉ። እሱም በተራ ነው። መጀመሪያ አኗኗሩን ያስተካክላሉ፣ ካልሆነ ምግቡን፣ ካልሆነ መድኃኒት፤ መዋገምና በእሳት መተኮስ የመጨረሻ ነው።»

«እኛ የጀመርነው ከመጨረሻው ነዋ» አልኳት። ትንሽ ነደደኝ። ዕድሜ ልኬን ስሸጥ የኖርኩትን ዳማከሴ አንዲት የትናንት ልጅ በሦስተኛ ተራ ስታስቀምጥብኝ ምን ልበል?

«እንዲያውም ከሁሉ በፊት ይጠየቃል» አለች። «ሐኪሙ ከበሽተኛው እግር ሥር ተቀምጦ ይጠይቃል፤ ሳይጠይቅ እጁን አይዘረጋም።»

«ካወቀ ለምን ይጠይቃል?»

አቼቶውን ከሱቅ አስገዝቼ ሰጠኋት።

በዚያ ቀን ማታ ነገሩን ልታዘብ ተከትያት ገባሁ። ፈይዛ ከእናቷ እግር ሥር ተቀምጣ «እማ፣ የሚጀምርሽ መቼ ነው?» ብላ ገና አፏን ስትከፍት እቴቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ሐኪሟ አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን?» አለቻት። «ካወቅሽ ስጪኝ፤ ካላወቅሽ ተይኝ።»

እኔም ሳቅሁ። ፈይዛ አፈረች፣ ጥያቄውንም ተወችው። ካልጠየቁ ግን የሚቀረው በጨለማ መዳሰስ ነው። መጀመሪያ ሙቀት ነው ብላ አቼቶና የጽጌረዳ ውሃ በጨርቅ ነክራ ግንባሯ ላይ አደረገች። እቴቴ እፎይ ብላ ተኛች፤ በነጋታው መልሶ ያዛት። ቀጥላ ከኩዌት ያመጣችውን የበነፍሰጅ ዘይት፣ በነፍሰጅ የሚሏት ሐምራዊ አበባ ናት፣ ጠብታ በአፍንጫዋ ጨመረችላት። እቴቴ እስክትወድቅ አስነጠሳት። «ያረቢ! ራሴን ስልሽ አፍንጫዬን ትገዪኛለሽ?» ብላ ጮኸች፤ እኔ ከሳቄ ብዛት ደጅ ወጣሁ። ከዚያ ደግሞ ብርድ ይሆናል አለችና እግሯን በሙቅ ውሃ ነክራ እያሸች ጥቁር አዝሙድ አሸተተቻት።

«ፋርስ ድረስ ተሂዶ ጥቁር አዝሙድ!» አልኩ። «እሱማ እኔ ዘንድ በቁና አለ።»

ሁሉም ለአንድ ማታ ይሠራል፣ ሲነጋ በሽታው ቦታው ላይ ነው። ፈይዛ እየጨነቃት ሄደ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንዱን ሳትጨርስ አንዱን ትጀምራለች። አብዱራህማን በበኩሉ ደሴ ወስዶ ጭንቅላቷን በማሽን ሊያስነሣ ቆርጦ ነበር። እቴቴ ይኼን ስትሰማ «ደሴ ከሄድኩ አልመለስም» አለችኝ። ፈርታ ነው። ጭንቅላቷን ከፍተው የሚያዩ መስሏታል፣ እኔም አላስተባበልኩም፤ ምክንያቱም እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ፈይዛ ፊቷ በልዞ መጣች። እንቅልፍ አልተኛችም።

«እትዬ ንግሥቴ፣ ቢቢ የነገረችኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ» አለች። «በአያቷ ዘመን ፋርስ ውስጥ ለራስ ምታት አፍዩን ይሰጥ ነበር፣ ያ የሚያደነዝዘው ሙጫ። ያስታግሳል። ግን ሰዉ በየቀኑ ሲለማመደው፣ ሳያገኘው የዋለ ቀን ራሱን ያመዋል፣ ሲያመው መልሶ ይወስዳል። መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ሆነ። ስለዚህ አያቷ አዲስ በሽተኛ ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ‹ምን ልስጥህ› ብለው አይደለም፣ ‹ምን እየወሰድክ ነው› ብለው ነው። ‹መጀመሪያ አንሣ፣ ከዚያ ስጥ› ይሉ ነበር። እኔ ሳልጠይቃት እየደራረብኩባት ነው። እማ ለኔ አትመልስም፤ እርስዎ ካሉ ግን ትመልሳለች። በአላህ ይሁንብዎ፣ ይምጡ።»

እውነቱን ለመናገር ልቤ የተነካው በፋርሶቹ ጥበብ አልነበረም። በዚያች ልጅ ነው። እኅቷ ጠፍታባታለች፣ እናቷም ልትጠፋባት ነው። መደቡን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ብዬ ተነሣሁ።

እቴቴ ጓዳ ናት፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አጥብቃ አስራለች። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ስሚ» አልኳት፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ልጅቷ የምትጠይቅሽን መልሺላት። ጥያቄ የገደለው ሰው የለም። ካልመለስሽ እኔም አልመጣም፣ ሐሜትም የለም።»

በሐሜቱ ተሸነፈች መሰለኝ፣ «እሺ ትጠይቀኝ» አለች።

«የሚነሣብሽ ከየት ነው እማ?»

«ከግራ ዓይኔ በላይ።»

«ቀዝቃዛ እጅ ነው የሚሻልሽ ሞቃት?»

«ቀዝቃዛ።»

«ስትጠግቢ ይብስብሻል፣ ሲርብሽ?»

«መጥገብም መራብም ከተውኩ ቆየሁ።»

«ጠዋት ስትነሺ አለ?»

«አለ። ቀድሞኝ ነው የሚነሣው።»

«ተነሥተሽ መጀመሪያ አፍሽ የሚገባው ምንድን ነው?»

እኔ «ውዱእ አድርጋ ሱብሒ ትሰግዳለቻ፣ ምን ይገባል» ልል ስል የእቴቴን ፊት አየሁትና አፌን ዘጋሁ። ቀስ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ውስጡ ነጫጭ ኪኒኖች ነበሩ።

የዓረብ አገር ልጅ ለእናቷ የምትልከው ሽቶ፣ ብርድ ልብስና የራስ ምታት ኪኒን ነው፤ ይኼ የታወቀ ነው። ፈይዛ ስትመለስ ኡምኩልሱም ካስያዘቻት ሻንጣ ግማሹ ኪኒን ነበር።

«በቀን ምን ያህል ትውጫለሽ?» አለች ፈይዛ።

«ጠዋት አንድ። ቀንም። ማታም። ደግሞ በመሐል ሲመጣብኝ።»

«ሳያምሽም?»

«ሳያመኝም።»

«ጤና ጣቢያ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ሲሉሽ አልወስድም ብለሻል እኮ!»

«አልወስድማ» አለች እቴቴ። «ይኼ መድኃኒት አይደለም። ይኼ ኡምኩልሱም ነው። ‹እማ፣ ራስሽን ሲያምሽ ይኼን ዋጪልኝ› ብላ በእጇ የያዘችው ነው። ስውጠው ከእሷ የመጣ ነገር ወደ ሆዴ ይገባል። ሌላ ምን ቀረኝ?»

ከአረፋ ወዲህ የልጇን ስም ስትጠራ ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው።

ፈይዛ በገዛ ግምቷ አልሄደችም፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነርሱን ይርዳውን አማከረችው። እሱም በየቀኑ የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻ ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ፣ እቴቴ ማቆም እንዳለባት፣ ስታቆም ግን ከመሻሉ በፊት እንደሚብስባት፣ የተለየ ነገር ካየች ቶሎ እንድታመጣት ነገራት። ይኼንኑ ለእናቷ ነገረቻት። እቴቴ ኪኒኑን አልሰጥም አለች፣ ቋጠሮውን ደረቷ ላይ ይዛ ተኛች። ፈይዛ አልነጠቀቻትም። ከእግሯ ሥር ተቀምጣ «እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?» አለቻት። ያን ጊዜ እቴቴ ቋጠሮውን በገዛ እጇ ዘረጋችላት።

ቀጥለው የመጡትን ቀናት አላህም እግዜርም አያሳያችሁ። እቴቴ ታስመልሳለች፣ ግድግዳውን በጡጫ ትመታለች፣ «አንዲት ብቻ ስጡኝ» ብላ እንደ ሕፃን ትለምናለች። ፈይዛ አቼቶና የጽጌረዳ ውሃ ታቀያይራለች፣ እግሯን ታሻለች፣ ገንፎ በማንኪያ ታጎርሳለች። ጎረቤቱ አፍ አውጥቶ ባይናገርም ተንሾካሾከ፤ ከዓረብ አገር የመጣችው እናቷን ልትጨርሳት ነው ተባለ። አብዱራህማን ባጃጁን ደጅ አቁሞ ገባ።

«ልትገድያት ነው?» አላት እኅቱን። «አንዷ አልበቃ ብላ?»

ኪኒን ሊገዛ ዘወር ሲል በሩ ላይ ቆምኩበት። እኔ በሩን ከሞላሁ ባጃጅም አያሳልፍ።

«እትዬ ንግሥቴ፣ ያሳልፉኝ።»

«አላሳልፍህም። የለመደችውን መልሰህ ልትሞላባት ነው የምትሮጠው? እኔም ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ፈርተህ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ «ንግሥቴ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ እቴቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ሻሿ ወልቋል፣ ዓይኖቿ ብርሃኑን አይሸሹም።

«የለም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ራሴ። አያመኝም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አልኩ እኔ ክርስቲያኗ፣ እልልታዬን ልለቀው አፌን ከፈትኩ። እቴቴ ግን ፊቷ እየተሰበሰበ ሄደና አለቀሰች። እንባ ብቻ አይደለም፣ ከሆዷ ነው፣ ትከሻዋ እስኪርገበገብ። እኔ ደንግጬ አፏን ልይዝ ተጠጋሁ።

«ተይ እቴቴ፣ አብሽሪ፣ በቁም አይለቀስም፣ ሟርት ነው!»

እጄን ከአፏ ላይ አነሣችው።

«ይኼን ሁሉ ወር ሳለቅስ ነበር እኮ ንግሥቴ» አለች። «ማንም ምን ሆንሽ ሲለኝ ራሴን ነው እላለሁ። ራሱን ያመመው ሰው ሲያነባ ማን ሟርተኛ ይለዋል? አሁን አያመኝም። ምን ብዬ ላልቅስ?»

ፈይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ቢቢ ከቆጠረችላት ዓይነቶች መካከል ከሐዘን የሚመጣው የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ሳይገባት አልቀረም፤ ግን የፋርሶችን ስም አላነሣችም። እናቷ ሥር ተንበርክካ «ጥሩ አድርገሽ አልቅሺ እማ» አለቻት።

እቴቴ እስኪበቃት አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና «አብዱራህማንን ጥሩልኝ፣ ቢሮ እንሄዳለን» አለች።

አብዱራህማን መጀመሪያ ተከራከረ። ሰው ምን ይላል፣ ነገ ድንኳን ይተከላል፣ እኅቴን በቁሟ አትቅበሯት አለ። እቴቴ በቁጣ ሳይሆን ረጋ ብላ «ዝም ብለን የቀበርናት ይበልጣል» አለችው። እሱም ባጃጁን አስነሣ፤ እኔና ፈይዛ እቴቴን በመሐል አድርገን ከኋላ ተጣበቅን።

ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄዱትን የሚመዘግበው ቢሮ ደጃፉ በሴቶች ተሞልቷል። ከገጠሩ በኩል የመጡ አሉ፣ ለልጃቸው ወረቀት ሊያወጡ የመጡ አሉ። አብዛኞቹ ራሱን እንዳመመው ሰው ራሳቸውን አጥብቀው አስረዋል። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ትህትና የምትባል ወጣት ነበረች። የእቴቴን ክሳት አይታ ከወንበሯ ተነሣች።

«ይቀመጡ እናቴ። አሞዎታል እንዴ?»

ጥያቄውን ስንሰማ ሁላችንም እቴቴን አየናት። እኔ በልቤ «ራሴን ነው ልትል ነው» አልኩ፤ አፌ ሊመልስላት ምንም አልቀረውም።

«አላመመኝም» አለች እቴቴ፣ ቢሮው እስኪሰማት ጮክ ብላ። «ጤነኛ ነኝ። ልጄ ኡምኩልሱም ኩዌት ጠፍታብኝ ነው። ፈልጉልኝ።»

ማንም «ሟርት» አላለም። አብዱራህማን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በእጅጌው ጠረገ። ትህትና ብዕሯን አነሣች፣ ስምና አባት ስም መጠየቅ ጀመረች፤ እቴቴም አንድ በአንድ መለሰች።

አግዳሚው ላይ የተቀመጠች፣ ነጭ ጨርቅ እስከ ቅንድቧ ያሰረች ሴት ነበረች። የማናውቃት ናት። ተነሥታ መጣችና የእቴቴን ክንድ ያዘች።

«እሜቴ» አለቻት በሹክሹክታ፤ «እንዲህ ብሎ መናገር ይቻላል?»

እቴቴ ዞር ብላ አየቻትና ቦታ ለቀቀችላት።

«ይቻላል» አለቻት። «ነይ፣ ከጎኔ ቁሚ።»